ደብተሩ መዝገቡ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ገጠር መሬት ክርክር በጻፋችሁ ቁጥር ከባለጉዳዮች የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ደብተሩ በእጄ ነው»። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተከራካሪዎች ደብተር አላቸው፤ ሁለቱም አልዋሹም። ይህ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በመሬት ጽሕፈት ቤት ካለው መዝገብ የተቀዳ ግልባጭ ነው። በተሰጠበት ቀን መዝገቡ ምን ይል እንደነበር ይነግራል እንጂ ከዚያ ወዲህ አባት ሞቶ፣ መሬቱ ለልጆች ተከፍሎ፣ መንገድ አልፎበት ወይም ፍርድ ቤት አግዶት ከሆነ ደብተሩ ይህን አያውቅም። ይህን የምንጽፈው በአማራ ክልል ገጠር ወረዳዎች አንድ ማሳ በማን ስም፣ በምን ያህል ስፋትና ከነምን ዕዳው እንደተመዘገበ ማጣራት ለሚሹ፣ በተለይ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ሆነው የወላጆቻቸውን ይዞታ ለሚያፈላልጉ አንባቢዎቻችሁ ነው። በሌሎች ክልሎች አሠራሩ ይቀራረባል፤ የመዝገቡ ቅርጽና የጽሕፈት ቤቱ ስያሜ ግን ይለያያል።

መጀመሪያ በእጅ ያለው ወረቀት የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይለይ። ከ1967 በፊት የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ ይዞ ወረዳ የሚቀርብ ሰው ዛሬም አለ። የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ደረሰኙ መሬት አያስመልስም። ቢሆንም አይጣል፤ የቦታውን የጥንት መጠሪያና የአያትን ሙሉ ስም የሚሰጠው አንዳንዴ እሱ ብቻ ነው። የደርግ ዘመን ወረቀት ደግሞ በገበሬ ማኅበር ስም የተጻፈ ነው። ገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ መነሻቸው 20 ጋሻ፣ ማለት 800 ሄክታር ያህል ነበር። ኋላ ብዙዎቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ተዋህደው ነው የዛሬዎቹ ቀበሌዎች የሆኑት። ወረቀቱ ላይ ያለው የማኅበር ስም ዛሬ የጎጥ ስም ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ቀበሌ ብሎ የጠየቀ «እንዲህ የሚባል ቀበሌ የለንም» ተብሎ ይመለሳል።

ከዚያ የ1989ኙ የመሬት ድልድል አለ። በብዙ ወረዳዎች ከአንዱ ተቆርጦ ለሌላው የተሰጠው ያኔ ነው። «የአባቴ መሬት ነበር» የሚለው ክርክር ሥሩ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ እዚያ ይደርሳል። በድልድሉ ለሌላ የተሰጠ መሬት ኋላ የተመዘገበው በተቀባዩ ስም ስለሆነ፣ በአባት ስም ሲፈለግ ባይገኝ ምዝገባው ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ነው የዛሬውን ደብተር ያመጣው። የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በገመድ ለክቶ፣ አዋሳኞችን በአራቱ ማዕዘን ጽፎ፣ የባልንም የሚስትንም ስም አስፍሮ የመዘገበው ሲሆን ካርታ የለውም። ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተስፋፋው ሁለተኛው ደረጃ ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሳ ምስል ላይ ወሰኑን አስምሮ ለእያንዳንዱ ማሳ የራሱን መለያ ቁጥር ሰጥቷል። ቁጥሩ የክልሉን፣ የዞኑን፣ የወረዳውንና የቀበሌውን ኮድ አስከትሎ በማሳው ተራ ቁጥር ያበቃል። ይህ ቁጥር ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። አንድ ማሳ ሲከፈል ግን የድሮው ቁጥር ቀርቶ ለየክፋዩ አዲስ ቁጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ የያዙት ቁጥር «የለም» ከተባለ «ወደየትኞቹ ቁጥሮች ተከፈለ?» ብለው ይጠይቁ።

ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ከመሄድ በፊት ቀበሌ ይቀድማል። የቀበሌው ባለሙያና ኮሚቴው ማሳውን በዓይን ያውቁታል፤ የጎጡን ስም፣ አሁን ማን እንደሚያርሰው፣ አዋሳኞቹ እነማን እንደሆኑ የሚገኘው ከእነሱ ነው። ይህን ሳይዝ ወረዳ የሚሄድ ሰው የሺዎችን ስም የያዘ መዝገብ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። በጽሑፍ በሚገባው ማመልከቻ ላይ የባለይዞታው ስም እስከ አያት፣ የትዳር ጓደኛው ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ ሁለት አዋሳኞች፣ ካለም የደብተሩ ወይም የማሳው ቁጥር ይስፈር። የሚጠየቀውም በግልጽ ይነገር። «ስለ መሬቱ መረጃ ይሰጠኝ» ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ ሁለት መስመር መልስ ነው የሚያመጣው። «በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ደረጃ መዝገብ ያለው ገጽ ግልባጭ፣ ከተመዘገበ ጀምሮ የተደረጉ ዝውውሮች፣ በአሁኑ ጊዜ ያለ እግድ፣ ዋስትናና የኪራይ ውል» ተብሎ ሲጻፍ ግን ባለሙያው የት የት እንደሚያይ ያውቃል።

ወረዳው ተከፍሎ እንደሆነም ይጠየቅ። የቀድሞው አቸፈር ዛሬ ሰሜን አቸፈርና ደቡብ አቸፈር ነው፤ ሜጫም እንደዚሁ ሰሜንና ደቡብ ሆኗል። እንዲህ በተከፈለ ወረዳ የቆየው መዝገብ እናት ወረዳው ዘንድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ወረዳ «የለም» ቢል እውነቱን ነው፣ መሬቱ ግን አልጠፋም። ቀበሌው ወደ ከተማ ከተካለለ ደግሞ ፋይሉ ማዘጋጃ ቤት ይፈለጋል። ለልማት ተነስቶ ከሆነ የካሳው ሰነድ ላይ የተነሺው ስምና የተወሰደው ስፋት ስላለ፣ የጎደለ መዝገብን ለመሙላት ጥሩ መረጃ ነው። በ2014ቱ ጦርነት በወሎና በሰሜን ሸዋ ጽሕፈት ቤቶቻቸው በተዘረፉ ወረዳዎች ደግሞ የቀበሌው ቅጂ፣ የፍርድ ቤት ፋይልና ያበደረው ተቋም የያዘው ግልባጭ ዋናውን ይተካሉ፤ እዚያም ይጠየቅ።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። መዝገብ ሲፈለግ ጊዜ የሚበላው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ኮምፒውተር ፊደል እንጂ ድምፅ አይለይም። «ኃይሉ» ተብሎ የገባን ስም «ሀይሉ» ብሎ የፈለገ «አልተገኘም» ይባላል። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ በሁለት አ፣ በሁለት ጸ፣ በአራት ሀ ሲባዛ 16 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ገብረ ሥላሴ ሲለያይ አንድ፣ ሲገጠም ሌላ፣ «ገ/ሥላሴ» ሲባል ሦስተኛ ስም ነው፤ ሠውን ሰ ያደረገ ጸሐፊ ሲጨመርበት ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ሰውየው በክርስትና ስሙ ወይም አገር በሚጠራው ቅጽል ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። መላው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፊደሉ የማይለዋወጠውን የስሙን ክፍል ብቻ ማስፈለግ፤ «ከበደ» ወይም «ተበጀ» የሚል የአባት ስም ካለ ከእሱ መነሳት። ሁለተኛ፣ በሚስት ስም መፈለግ፤ ሁለቱም ስለተመዘገቡ በአንዱ ባይገኝ በሌላው ይገኛል። እነዚህ ካልሠሩ የጎጡን ዝርዝር አስወጥቶ በዓይን መልቀም ነው። ዝርዝሩ ቢበዛም ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም፤ በየሳምንቱ ከመመላለስ ይሻላል።

ስም እምቢ ካለ አዋሳኝ ይነግራል። በመጀመሪያው ደረጃ መዝገብ እያንዳንዱ ማሳ አራት ጎረቤት አለው። የእገሌ ምሥራቅ እገሊት ከሆነች፣ በእሷ ገጽ ላይ ምዕራቧ እሱ መሆን አለበት። የአራቱን ጎረቤቶች ገጽ አውጥቶ የእያንዳንዳቸውን አዋሳኝ ማመሳከር የጠፋውን ሰው ስም፣ በምን ዓይነት ፊደል እንደተጻፈ ጭምር፣ ያወጣል። ካልገጠሙ ደግሞ ምክንያት አለ፤ በመካከል መንገድ ወይም የወል ግጦሽ ያለፈበት፣ ጎረቤቱ ሞቶ ለልጁ የዞረ፣ ወይም አንዱ ገፍቶ የገባ።

አቅጣጫ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮሚቴው ኮምፓስ አልያዘም ነበር፤ ምሥራቅ ያለው ፀሐይ መውጫውን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ፀሐይ በታኅሣሥ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን እያንዳንዱ 24 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ሰያፍ የተኛ ማሳ ታኅሣሥ ቢመዘገብ «በሰሜን» የተባለው ጎረቤት፣ ሰኔ ቢመዘገብ «በምሥራቅ» ይሆናል። በዚህ ብቻ የተነሳ «ደብተሩ ተሰርዞ ተጻፈ» ተብሎ ይካሰሳል።

ስፋት ከሁሉ የበለጠ ቂም ያተረፈ ነገር ነው። በመጀመሪያው ደብተር አራት ጥማድ፣ በግምት አንድ ሄክታር፣ የነበረው በሁለተኛው 0.86 ሄክታር ሆኖ ሲመጣ ባለይዞታው «ቆረጡኝ» ይላል። አንድ ማሳ በምሳሌ እናሳይ። ራስጌው 80 ሜትር፣ ግርጌው 40 ሜትር፣ አንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ 50 ሜትር፣ ሌላው ጎኑ ሰያፍ ስለሆነ 64 ሜትር ነው። በገመድ የለካው ኮሚቴ የሚያደርገው የራስጌና የግርጌውን አማካይ (60) በሁለቱ ጎኖች አማካይ (57) ማባዛት ነው፤ 3,420 ካሬ ሜትር ይወጣል። እውነተኛው ስፋት ግን 60 በ50፣ ማለት 3,000 ካሬ ሜትር ነው። 420 ካሬ ሜትር ማንም ሳይሰርቅ ጠፋ። ይህ ስሌት ጎኖቹ ያልጎበጡ ባለ አራት ጎን ማሳ ላይ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚስተው፤ ትክክል የሚሆነው አራቱም ማዕዘን ቀጥ ሲል ብቻ ነው፣ እንዲህ ያለ ማሳ ደግሞ በተራራማ አገር ብርቅ ነው።

ተዳፋትም አለ። ገመድ መሬቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ከአየር የተነሳ ምስል ግን ጠፍጣፋውን ስፋት ነው የሚሰጠው። 20 ዲግሪ ባዘነበለ መሬት ልዩነቱ 6 በመቶ፣ በ30 ዲግሪ 13 በመቶ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥር ከማነጻጸር በፊት ወሰኑ ይነጻጸር። ድንጋዩ፣ ድንበሩ፣ ዛፉ፣ ቦዩ በቦታው ካለና ካርታው በእሱ ላይ ካለፈ፣ የቀነሰው ቁጥር እንጂ መሬት አይደለም። ወሰኑ ራሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከተሰመረ ግን እርማት ይጠየቅ። ጥማድ ራሱ መጠኑ እንደ አፈሩና እንደ በሬው መሆኑንም አንርሳ፤ 0.25 ሄክታር የሚባለው የጽሕፈት ቤት ስምምነት ነው።

ካርታውን ይዞ መስክ የሚወጣ ሰው ደግሞ በስልኩ ይሳሳታል። የካርታው ነጥቦች ብዙውን ጊዜ በአዲንዳን ዳተም (ነጥብ በሚለካበት መነሻ)፣ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መስመር ዞን 37 የተሰጡ ናቸው። ስልክም የእጅ ጂፒኤስም ሳይነካካ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ነው። ቁጥሩን እንዳለ ያስገባ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ርቆ፣ የሌላ ሰው ጤፍ መካከል ቆሞ «መሬቴ ይህ ነው» ይላል። ዳተሙ ከተስተካከለ በኋላም የእጅ ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ማሳውን ለማግኘት ይበቃል፤ የአንድ ሜትር ድንበር ክርክር ግን በእሱ አይፈታም። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሜትር ለክቶ ከካርታው ርዝመት ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ሁለተኛው ደረጃ ሲካሄድ ውጤቱ ለሕዝብ ዕይታ ቀርቦ ነበር፤ ቅሬታ ያለው ያኔ ያስመዘግብ ነበር። በዚያን ጊዜ አገር ቤት ያልነበረ ሰው ማሳው በወንድሙ ወይም ምርቱን እኩል ሊካፈል በሚያርሰው ሰው ስም ገብቶ ሊያገኘው ይችላል። ሁሌ በክፋት አይደለም፤ መስኩ ላይ የተገኘው እሱ ነበር። በዚህ ጊዜ የመስክ ማስታወሻውን፣ ማን ወሰን እንዳሳየ፣ የትኛው ጎረቤት እንደፈረመ የያዘውን ቅጽ ግልባጭ መጠየቅ ከጩኸት ይበልጥ ይሠራል። ከመጀመሪያው ደረጃ ገጽ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ስሙ የት ላይ እንደተቀየረ በግልጽ ይታያል።

ማሳው በትክክለኛው ሰው ስም ቢገኝም አልበቃም። የፍርድ ቤት እግድ አለ ወይ? በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 መሠረት የመጠቀም መብቱ ለብድር ተይዟል ወይ? የተመዘገበ የኪራይ ውል አለ ወይ፣ መቼ ያበቃል? ባለይዞታው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ሞግዚቱ ማነው? እነዚህን አንድ በአንድ ያስጽፉ። ቀን ሲያነቡ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከኮምፒውተር የወጣ «2015» እና በእጅ የተጻፈ «2015» ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ።

መዝገብ የማያሳየው ነገርም አለ። ወለድ አገድ የተያዘ፣ ማለት ብድሩ እስኪመለስ አበዳሪው የሚጠቀምበት መሬት በመዝገብ አይገኝም። በስጦታ ስም የተሸጠ መሬት በመዝገቡ ስጦታ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም ይላልና ማንም ሽያጭ ብሎ አያስመዘግብም። የሽማግሌ እርቅና በዕድር የተጻፈ የወንድማማች ክፍፍል ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ይቀራሉ። የወራሽነት ማረጋገጫም እንዲሁ ነው። ፍርድ ቤት ወራሽ ናችሁ ማለቱ መዝገቡን በራሱ አይቀይርም፤ ውሳኔው ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ስም ካልዞረ ሟቹ በመዝገብ ላይ ለዓመታት ባለይዞታ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ከመዝገቡ ሌላ የወረዳው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ዘንድ በሟቹም በወራሾቹም ስም ፋይል መኖሩን ማጣራት ግድ ነው።

ባሕር ማዶ ላሉ አንድ ነገር። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሰጠ ውክልና እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫም ተመዝግቦ ነው ሥራ የሚጀምረው። በጥቅሉ «በስሜ ማናቸውንም ጉዳይ እንዲያስፈጽም» የሚል ውክልና አስተዳደር ነክ ሥራን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለመክሰስ፣ ተከሶ ለመከራከርና ለመታረቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። መረጃ ማውጣት፣ እርማት መጠየቅና መከራከር በየስማቸው ይጻፉ፤ መሬቱን ማስተላለፍ የሚለው ካላስፈለገ አይጻፍ።

በመጨረሻ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የምንለው አለን። ሁለተኛው ደረጃ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ የመጀመሪያው ደረጃ መዝገብ «ጊዜው ያለፈበት» እየተባለ በጆንያ ታስሮ መጋዘን ወለል ላይ ሲቀመጥ ይታያል፤ ዝናብና አይጥ የቀረውን ይጨርሳሉ። ከላይ የዘረዘርነው የማመሳከር ሥራ ሁሉ፣ አዋሳኙ፣ የስም ለውጡ፣ መስክ ላይ ያልተገኘው ሰው መብት፣ ያለዚያ መዝገብ አይሠራም። ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ፣ የቀበሌውንና የገጹን ቁጥር የፋይሉ ስም አድርጎ ማስቀመጥ አንድ ሠራተኛና አንድ ስልክ ነው የሚጠይቀው። መዝገብ ፈልጎ ላጣ ባለጉዳይም «አልተገኘም» የሚለው መልስ በቃል ሳይሆን በማኅተም ይሰጠው፤ የትኛው መዝገብ፣ በየትኛው ስም አጻጻፍ እንደተፈለገ ተጠቅሶ። ያን ወረቀት ያልያዘ ሰው በሚቀጥለው ወር መጥቶ ያንኑ መዝገብ እንደ አዲስ ያስከፍታል።

ከአክብሮት ጋር፣
በገጠር መሬት ቅየሳና ምዝገባ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች